የነዚፍ ጫማ

ሐምሌ ነው። ጅማ ላይ ዝናብ ፈቃድ አይጠይቅም፤
ጃንጥላ የያዘም፣ ያልያዘም፣ ሳይርስ ቤቱ አይደርስም።
ከሄርማታ ገበያ ፌስታል አናቴ ላይ ደፍቼ፣
አንድ ባጃጅ ጠጋኝ ቆርቆሮ ሥር ሮጬ ገብቼ፣
ካልሲዬን ስጨምቅ፣ ሰማዩን በልቤ ሳማ፣
ከጀርባዬ አንድ ምት ተሰማ።

ጣት ነው። ባዶ ጀሪካን ሆድ ላይ የሚንከባለል፤
ሦስቴ ከበድ፣ ሁለቴ ቀለል፣
ቀጥሎ አንዲት የጎደለች፣
እጅ አየር ላይ ሲቀር
ያልተመታች፣ ግን የተሰማች።

ይህቺን ጉድለት እንዲህ አድርጎ የሚያጎድላት
በዚህ ከተማ አንድ ሰው ነው።
ዘወር ስል፣ ጢሙ ሸብቶ፣ ቆቡ ርሶ፣
ያው ነው።

«ነዚፍ?»
«ጥላዬ! አለህ እንዴ?»
«ምነው፣ ሞተ አሉህ?»
«የሞተ ሰውማ ወሬው ይሰማል፤ ያንተ ጠፍቶብኝ እንጂ።»

ሃያ ስድስት ዓመት!
እሱ ጅሬን፣ እኔ ቦሳ ኪቶ፤ ባጃጅ ቢይዙ ሩብ ሰዓት።
ለኩርፊያ ሲሆን ጅማም ትሰፋለች፣
ሁለት ሰው ለየብቻ ታኖራለች።

የተጣላነው ባንድ አምፕሊፋየር ነው።
በጋራ የገዛነው፣
የሰርቦን ሠርግ፣ የሰቃን ሠርግ ያደመቅንበት፣
ሌሊት በአይሱዙ ስንመለስ፣ እኛ በብርድ እየተንቀጠቀጥን
ጋቢያችንን ያለበስነው።
ሸጥኩት።
እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ አልነገርኩትም።
እሱም «ለምን?» ብሎ አልጠየቀኝም።
ያን ጊዜ የሁለታችንም አንገት
ቀና ማለት እንጂ ዞር ማለት አያውቅም።

«ትዘፍናለህ?»
«የለም። እሑድ እሑድ ገብርኤል ደጅ አዜማለሁ፤
ከኋላ ቆሜ፣ ከሰው ድምፅ ጀርባ እከለላለሁ።
አንተስ?»
«ድራሙን ተውኩት።
መጀመሪያ ኃጢአት ነው ብዬ፤ ኋላ ጉልበቴ አመመኝ፤
አሁን የቱ እንዳስተወኝ ጠፋኝ።
መውሊድ ሲሆን ግን ሽማግሌዎቹ ድቤ ያቀብሉኛል፤
መንዙማው እስኪያልቅ
ጉልበት እንዳለኝም ይረሳኛል።»

ልነግረው ፈልጌ ነበር፦
እኔ ቅዳሴ መሐል ሐሳቤ ይሄዳል፤
የቤት ኪራይ፣ የልጄ ውጤት፣ የጣሪያው ፍሳሽ፤
ዲያቆኑ «ተነሡ» ሲል ነው፣ ቆሜ ሳለሁ የምነሣ።
አንዳንዴ ግን፣ ዜማው ቆሞ ካህኑ ትንፋሽ ሲስብ፣
በዚያች ባዶ ቦታ፣ ሳላስብ፣
ያቺ ያንተ ጉድለት…

አልነገርኩትም።
እንዲህ ያለው ነገር ለባጃጅ ጋራዥ ይከብዳል።
ስኳር አለብኝ አለኝ፤ እኔም አለብኝ አልኩት፤
ሁለት ሎተሪ የደረሰን ይመስል ሳቅን።

የዐስር አዛን ወጣ።
ከቆርቆሮው ጠርዝ በሚወርደው ውሃ
እጁን፣ አፉን፣ ፊቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን ታጠበ፤
ያ ሁሉ ዝናብ ለሱ ብቻ የተሰፈረ ይመስል
እየቆጠበ።
ጫማውን ረግጦ መንገዱን ተሻገርን። መስጊዱ በር ላይ
አውልቆ አቀበለኝ፦
«ያዝልኝ፤ ባለፈው ጁምዓ አንዱ ሰርቆኛል።»
ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ፦
«እንዳትሸጠው ብቻ!»

ሳቅኩ መሰለኝ። ዝናብ ላይ
ሳቅና ሌላው አይለይም።

አሁን በረንዳው ጥግ ቆሜያለሁ፣
ጫማውን ከጃኬቴ ሥር ሸጉጬ።
ቀኙ ከፊት በኩል ተበልቷል፤
ፔዳል ሲረግጥ የኖረው እግር ነው፤
አልተወም ማለት ነው፣ ውሸታም።
የዐስር ሶላት ድምፅ የለውም፤
የልብስ ኮሽታ፣ የጉልበት ቋ ማለት፣ ከዚያ ዝም።
እኔ በጣቴ ሶሉን እመታለሁ፤
ሦስቴ ከበድ፣ ሁለቴ ቀለል።
ያቺን አንዷን
እስኪወጣ ትቻታለሁ።